የእንግዳ ማረፊያ ቤት የሌሊት ኪራይ በትክክል እንዴት ይቆረጣል?

እንግዳን የእግዚአብሔር እንግዳ ብሎ መቀበል የአገራችን ሰው ከአባቶቹና ከእናቶቹ የወረሰው ጠባይ ነው። ቀን የጨለመበት መንገደኛ ከደጅ ቆሞ «የመሸበት የእግዜር እንግዳ» ብሎ በተጣራ ጊዜ፥ ባለቤቱ ማንነቱን አጥብቆ ሳይመረምር አስገብቶ እግሩን ያሳጥበዋል፤ ከተገኘው ያቀምሰዋል፤ በመደቡም ላይ አጎዛ ያነጥፍለታል። በማግሥቱም መንገደኛው መርቆ ይሄዳል እንጂ የማደሪያ ሒሳብ አይጠየቅም። አብርሃም በመምሬ ዛፍ አጠገብ ሦስቱን እንግዶች እንዴት እንደ ተቀበለ እየተነገረው ላደገ ሕዝብ፥ መኝታን በገንዘብ መስጠት ነውር መስሎ ቢታየው የሚያስደንቅ አይደለም።

ነገር ግን ዘመን ሲለወጥ የኑሮም ሥርዐት አብሮ ይለወጣል። ከተማ ሲሰፋ፥ መንገደኛ ሲበዛ፥ ሰውም ዘመድ ወደሌለበት አገር ለሥራ፥ ለሕክምና፥ ለበዓልና ለጉብኝት ሲመላለስ፥ በገንዘብ የሚያሳድር ቤት የግድ ያስፈልጋል። እቴጌ ጣይቱ ከመቶ ዓመት በፊት በአዲስ አበባ ሆቴል ባቋቋሙ ጊዜ፥ ሕዝቡ በገንዘብ መብላትን አፍሮ እንደ ነበረና ዳግማዊ አጤ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቶቻቸውን አስከትለው ገብተው ሒሳብ በመክፈል ልማዱን እንዳስጀመሩ ሲተረክ እንሰማለን። ከዚህ የምንማረው፥ ዋጋ መክፈልም ሆነ ዋጋ መቀበል በራሱ ነውር አለመሆኑን ነው። ነውሩ ያለው ከልክ ባለፈው ዋጋና በተሸሸገው ዋጋ ላይ ነው።

ዛሬ ይህ ሥራ ከሆቴል ወጥቶ ወደ መኖሪያ ቤት ገብቷል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2008 ዓመት በአሜሪካ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ የተቋቋመው ኤርቢኤንቢ የተባለው ድርጅት፥ ትርፍ ክፍል ያለውን ባለቤትና ማደሪያ የሚፈልገውን መንገደኛ በኢንተርኔት ማገናኘት ከጀመረ ወዲህ፥ ልማዱ በብዙ የዓለም ክፍል ተሠራጭቷል። በእኛም አገር በአዲስ አበባ በቦሌ፥ በገርጂ፥ በሣር ቤትና በሌላውም ሰፈር፥ ዕቃ የተሟላለትን ቤታቸውን በሌሊት ሒሳብ የሚያከራዩ ብዙዎች ናቸው። ከነዚህም መካከል ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኞች፥ ልጆቻቸው ወደ ውጭ አገር ሄደው ሰፊ ቤት ባዶ የቀረባቸው ወላጆች፥ ባላቸው ሞቶባቸው በቤታቸው ኪራይ ልጆች የሚያሳድጉ እናቶች ይገኙባቸዋል።

እነዚህ ሁሉ የሚጨነቁበት አንድ ጥያቄ አለ፤ እርሱም «ለአንድ ሌሊት ስንት ልበል?» የሚለው ነው። ይሉኝታ በአንድ ወገን እየሳበ እንግዳውን በነጻ አሳድሩ ይላቸዋል፤ ስስት በሌላ ወገን እየሳበ ዛሬ የተገኘውን መንገደኛ አራቁቱት ይላቸዋል። በመካከል ደላላው አንድ ዋጋ ይናገራል፥ ጎረቤትም ሌላ ዋጋ ይናገራል። እኛም ይህ ነገር የገበያ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የቤተ ሰብ አስተዳደርና የቤት ክብር ጉዳይ መሆኑን ስላየን፥ በዚህ በቤተ ሰብ ገጻችን ልንመለከተው ወደድን።

አስቀድሞ የራስን ወጪ ስለ ማወቅ

ዋጋ የሚጀምረው ከጎረቤት አፍ ሳይሆን ከራስ መዝገብ ነው። ብዙ ሰው ቤቱ የራሱ ስለ ሆነ ወጪ የሌለበት ይመስለዋል፤ ይህ ግን አሳሳች አሳብ ነው። ቤቱ በወር ለሚከፍል ተከራይ ቢሰጥ ያስገባ የነበረው ገንዘብ፥ ለሌሊት እንግዳ በመዋሉ የቀረ ገቢ ነውና እንደ ወጪ ሊቈጠር ይገባዋል። ከዚህም ሌላ የዘበኛና የጽዳት ሠራተኛ ደመወዝ፥ የመብራት፥ የውሃና የኢንተርኔት ሒሳብ አለ። አንሶላው ያረጃል፤ ፎጣው ይሳሳል፤ ብርጭቆው ይሰበራል፤ ፍራሹም በጊዜው ይጎደጉዳል። ይህን ሁሉ ሳይጽፉ ዋጋ የሚቆርጡ ሰዎች፥ ዓመቱን ሙሉ ሲደክሙ ከርመው በመጨረሻው ከኪሳቸው እንግዳ ሲያስተናግዱ እንደ ኖሩ ይረዱታል። አበው «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» ያሉት ለዚህ ዐይነቱ ነገር ነው።

ነገሩ እንዲገለጥ አንድ ምሳሌ እናቅርብ። ቊጥሮቹ ለማስረዳት ብቻ የተመረጡ ስለ ሆኑ እያንዳንዱ ባለቤት በራሱ ቤት ቊጥር ይለውጣቸው። ወይዘሮ እገሊት አንድ መኝታ ቤት፥ ሳሎንና ወጥ ቤት ያለው ቤት አላቸው እንበል። ቤቱ በወር ቢከራይ 30,000 ብር ያስገባል። ለዘበኛና ለጽዳት 6,000 ብር፥ ለመብራት፥ ለውሃና ለኢንተርኔት 3,000 ብር፥ ላረጀ ዕቃ መተኪያ ደግሞ 3,000 ብር ይመደባል። ድምሩ በወር 42,000 ብር ይሆናል። ይህም እንግዳ ቢመጣም ባይመጣም የማይቀር ወጪ ነው።

ወይዘሮዋ «ወሩ 30 ሌሊት ነውና 42,000 ብርን ለ30 ባካፍለው ለሌሊቱ 1,400 ብር ይደርሰዋል፤ እንግዲህ በ2,000 ብር ባከራይ ትርፌ ብዙ ነው» ብለው ቢያስቡ ይሳሳታሉ፤ ሠላሳው ሌሊት ሁሉ የሚሞላለት ቤት ጥቂት ነውና። በወር 15 ሌሊት ብቻ ቢሞላ፥ ለያንዳንዱ ሌሊት የሚደርሰው 2,800 ብር ነው። በዚህ ላይ እንግዳ ሲያድር ብቻ የሚወጣው፥ ይኸውም የልብስ አጠባ፥ የሳሙናና የቁርስ 300 ብር ሲጨመር 3,100 ብር ይሆናል።

እንግዳውን ያገናኘው ድርጅት ወይም ደላላ ከመቶ 15 የሚወስድ ከሆነ ደግሞ አንድ የሒሳብ ወጥመድ አለ። ብዙ ሰው በ3,100 ብር ላይ ከመቶ 15 ጨምሮ 3,565 ብር ይላል። አገናኙ ግን ድርሻውን የሚያነሣው ከ3,565 ብር ላይ ስለ ሆነ 535 ብር ያህል ወስዶ 3,030 ብር ብቻ ይተዋል፤ ባለቤቲቱም በየሌሊቱ 70 ብር ይጎድልባቸዋል። ትክክለኛው አሠራር 3,100 ብርን ለ0.85 ማካፈል ነው። እንዲህ ሲሆን 3,647 ብር ይመጣል፤ 3,650 ብር ተብሎ ቢወሰን ለሁሉም ይበቃል።

እንግዲህ የሚሞላው ሌሊት 20 ቢሆን ይኸው ዋጋ ወደ 2,825 ብር ይወርዳል፤ 10 ብቻ ቢሆን ወደ 5,295 ብር ይወጣል። ስለዚህ ከወጪው ሁሉ ይልቅ ዋጋን የሚያንቀሳቅሰው የሚሞላው ሌሊት ብዛት መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ይህም ብዛት ከተስፋ ሳይሆን ከመዝገብ መወሰድ አለበት። አንድ ተራ ደብተር ገዝቶ፥ እንግዳው የገባበትን ቀን፥ ያደረበትን ሌሊት፥ የከፈለውንና የወጣለትን ዓመት ሙሉ የሚጽፍ ባለቤት፥ በሁለተኛው ዓመት ዋጋ ሲቆርጥ የሰው ምክር አያሻውም።

ባዶ ስለሚያድር አልጋ

ጤፍ ዛሬ ባይሸጥ በጎተራ ይቆያል፤ ማርም ቢከርም ለከርሞ ይሆናል። ትናንት ባዶ ያደረ አልጋ ግን ዛሬ ሊሸጥ አይችልም፤ ያ ሌሊት ለዘላለም አልፏል። ከዚህ የተነሣ ሁለት ዋጋ ለይቶ ማወቅ ይገባል። አንደኛው ቤቱን የሚያኖረው ዋጋ ነው፤ በምሳሌያችን 3,650 ብር ያልነው ነው። ሁለተኛው ከዚያ በታች ቢወርዱ እንግዳውን ማሳደር ባዶ ከማሳደር ይልቅ የሚያከሥርበት ዳርቻ ነው፤ ይኸውም ለዚያ ሌሊት ብቻ የሚወጣው 300 ብርና በላዩ የሚያርፈው የአገናኙ ድርሻ ሲሆን፥ 355 ብር ያህል ነው። በነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ሰፊ ቦታ የባለቤቱ የማስተዋልና የርኅራኄ ቦታ ነው።

ከክፍለ ሀገር ሕመምተኛ ይዞ ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የመጣ ዘመድ፥ ሐኪም የቀጠረውን ቀን እየጠበቀ በአዲስ አበባ የሚያድርበት ሲያጣ ማየት የተለመደ ነው። ቤቱ ያን ሳምንት ባዶ ከሆነ፥ ያለ ደላላ በሌሊት 1,500 ብር ከፍሎ እንዲያድር ቢፈቀድለት፥ 300 ብሩ ለአጠባና ለቁርስ ወጥቶ 1,200 ብር ለቤቱ ወጪ ይገባል። ባለቤቲቱ በዚህ አልከሠሩም፤ ያም ሰው ሌሊቱን በሆስፒታል ደጅ ከማሳለፍ ድኗል። ብዙ ሰው ምጽዋትና ሒሳብ የማይስማሙ ይመስለዋል፤ እኛ ግን ሒሳቡን የሚያውቅ ሰው ብቻ ያለ ፍርሃት ሊመጸውት ይችላል እንላለን።

ቢሆንም ልክ ያስፈልጋል። ሌሊቱ ሁሉ በ1,500 ብር ቢሰጥ በወሩ መጨረሻ 42,000 ብሩ አይሞላም፤ ዘበኛውም ደመወዙን ያጣል። ስለዚህ አሥራት እንደሚከፈል ሁሉ፥ በወር ሁለት ወይም ሦስት ሌሊት ለችግረኛ ተብሎ አስቀድሞ ቢመደብ መልካም ነው። ይህም ያለ ወሬና ያለ ውዳሴ ይሁን፤ እንግዳውም የተለመነለት ሰው ሳይሆን እንደ ማንኛውም እንግዳ በክብር ይግባ።

የጎረቤትን ዋጋ ስለ መመልከት

የራስን ወጪ ካወቁ በኋላ የአካባቢን ዋጋ መመልከት ተገቢ ነው። ነገር ግን ሰው የሚጠራውን ዋጋና እንግዳው በእውነት የሚከፍለውን ዋጋ መለየት ያሻል። ጎረቤት 6,000 ብር እያለ ቤቱ ወሩን ሙሉ ባዶ የሚያድር ከሆነ፥ 6,000 ብር የምኞት ዋጋ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደለም። ሲመለከቱም መሳዩን ከመሳዩ ጋር ማስተያየት ነው። የአልጋው ቊጥር፥ ውሃ በጠፋ ቀን የሚያገለግል ሮቶ መኖሩ፥ መብራት ሲሄድ የሚነሣ ጄኔሬተር፥ የመኪና ማቆሚያ፥ ከአስፋልቱ ያለው ርቀትና የሌሊቱ ጸጥታ ሁሉ ዋጋ አላቸው። ከአጠገቡ ጭፈራ ቤት ያለበት ቤት፥ ምንም ያህል ያማረ ዕቃ ቢኖረው፥ እንቅልፍ ከሚገኝበት ቤት ጋር እኩል ሊጠይቅ አይገባውም፤ እንግዳው የሚገዛው ሶፋ ሳይሆን እንቅልፍ ነውና።

ዋጋው የተዛባ መሆኑን የሚያመለክቱ ምልክቶች አሉ። ቤቱ ከሁለት ወር አስቀድሞ ሁልጊዜ የሚያዝ ከሆነ ዋጋው ዝቅ ብሏል። ጎረቤቶቹ ሞልተው እርሱ ብቻውን ባዶ የሚያድር ከሆነ፥ ወይ ዋጋው በዝቷል፥ ወይም በቤቱ ውስጥ እንግዳ የሚያየው ባለቤቱ ግን የለመደው ጉድለት አለ። በዚህ ጊዜ ዋጋ ከመቀነስ በፊት ባለቤቱ ራሱ በዚያ አልጋ ላይ አንድ ሌሊት ቢያድርበት፥ የሚንጠባጠበውን ቧንቧና የማይዘጋውን መስኮት ያገኘዋል። ጎረቤት ለጎረቤት እየተፎካከሩ በየሳምንቱ ዋጋ ማውረድ ግን ሁሉን የሚጎዳ ነገር ነው፤ በመጨረሻው የሚቀነሰው የሠራተኛዋ ደመወዝና የአንሶላው ንጽሕና ይሆናልና።

ብዙ ቀን ለሚቀመጥ እንግዳ ዋጋ መቀነስ ምክንያት ያለው ቅናሽ ነው። ሰባት ሌሊት ለሚያድር ሰው አንሶላው የሚታጠበው አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ነው፤ ቤቱም በእንግዳና በእንግዳ መካከል ባዶ አያድርም። ስለዚህ ከመቶ 10 ያህል ቢቀነስለት ሁለቱም ይጠቀማሉ።

ስለ በዓል ጊዜና ስለ ችግር ጊዜ

ክርክር የሚበዛው በዚህ ላይ ነው። ለመስቀል መስከረም 17 ቀን፥ ለኅዳር ጽዮን ኅዳር 21 ቀን በአክሱም፥ ለቁልቢ ገብርኤል ታኅሣሥ 19 ቀን፥ ለልደት በላሊበላ፥ ለጥምቀት ጥር 11 ቀን በጎንደር የሚጎርፈው ሕዝብ ከአልጋው ቊጥር እጅግ ይበልጣል። በአዲስ አበባም የአፍሪካ ኅብረት የመሪዎች ጉባኤ በየዓመቱ በሚደረግበት ሰሞን እንዲሁ ነው። በ2014 ዓመተ ምሕረት መንግሥት በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ለልደት በዓል ወደ አገራቸው እንዲገቡ ጥሪ ባደረገ ጊዜም፥ አገር ናፍቆት የመጣ ወገን ምን ያህል ማደሪያ እንደሚያስፈልገው ታይቷል።

እንዲህ ባለው ጊዜ ዋጋ ከፍ ማለቱን ሁሉ ኃጢአት ነው ማለት አይቻልም። በበዓል ሰሞን ወጪውም ይጨምራል፤ ውሃ በቦቴ ይገዛል፥ ተጨማሪ ሠራተኛ ይቀጠራል፥ የገበያውም ዋጋ ይወጣል። ደግሞም ዋጋው ሲጨምር፥ በሌላ ጊዜ ክፍላቸውን የማያከራዩ ሰዎች በራቸውን ይከፍታሉ፤ አምስት ሌሊት ሊቀመጥ ያሰበውም ሦስት ያደርገዋል፤ በዚህም ለሌላው ሰው ቦታ ይገኛል። የበዓሉም ገቢ ክረምቱ ሲገባና እንግዳ ሲጠፋ የቤቱን ወጪ የሚሸፍን ስንቅ ነው። በ2012 ዓመተ ምሕረት የኮሮና በሽታ የዓለምን መንገድ በዘጋ ጊዜ፥ ከበዓል ገቢያቸው ያላስቀመጡ ባለቤቶች ምን ያህል እንደ ተጨነቁ እናስታውሳለን።

ስለዚህ እኛ የምንለው፥ የበዓል ዋጋ ሦስት ነገር ያሟላ ነው። አንደኛ፤ አስቀድሞ የታወቀ ይሁን፤ የጥምቀቱ ዋጋ በመስከረም ተጽፎ ይቀመጥ። ሁለተኛ፤ ልክ ይኑረው፤ ለምሳሌ ከመደበኛው አንድ ጊዜ ተኩል አይለፍ፤ ይህን ልክ ባለቤቱ ገበያው ሳይሞቅ በጸጥታው ጊዜ ለራሱ ይወስን። ሦስተኛ፤ ቃል ከተሰጠ በኋላ አይለወጥ። በ3,650 ብር ተስማምቶ ቀብድ የከፈለውን እንግዳ፥ በዋዜማው ሌላ ሰው 9,000 ብር ስላቀረበ «ቧንቧው ተበላሽቷል» ብሎ መመለስ፥ ከዋጋ መጨመር አልፎ ቃል ማፍረስ ነው። ሰው በዓል ሊያከብር ሻንጣውን ይዞ መንገድ ላይ ሲቀር ማየት፥ ለቤቱም ለከተማውም ስም መጥፎ ነው።

የችግር ጊዜ ግን ከበዓል ጊዜ ፈጽሞ ይለያል። በዓሉን የሚያከብር ሰው ወድዶ ይመጣል፥ አስቀድሞም ሊያስብበት ይችላል። ቤቱ የተቃጠለበት፥ ጎርፍ የነቀለው፥ አይሮፕላኑ የቀረበት ወይም ከሁከት የሸሸ ሰው ግን ሊመርጥ አይችልም። በአውሮፓ አቆጣጠር በጥር ወር 2025 በአሜሪካ በሎስ አንጀለስ አካባቢ ከባድ ቃጠሎ በተነሣ ጊዜ፥ የካሊፎርኒያ ሕግ በአስቸኳይ ጊዜ የሆቴልና የቤት ኪራይ ዋጋ ከቀድሞው ከመቶ 10 በላይ እንዳይጨመር የሚከለክል መሆኑ ለባለቤቶች ሁሉ ተነግሯል። በሰው መከራ ላይ ዋጋ መጨመር እንደማይገባ ለመረዳት ግን ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ አያስፈልግም። ለአባቶቻችን እንግዳ መቀበል ትልቅ ምግባር የሆነው መንገደኛው ምርጫ ስለሌለው ነበርና።

አንድ ቤት አንድ ዋጋ ስለ መሆኑ

በከተሞቻችን አንድ የሚያሳፍር ልማድ አለ፤ ለፈረንጅ አንድ ዋጋ፥ ከውጭ አገር ለመጣ ወገን ሌላ ዋጋ፥ ለአገር ቤት ሰው ደግሞ ሦስተኛ ዋጋ መናገር ነው። አበው «በአንድ ራስ ሁለት ምላስ» የሚሉት ይህን የመሰለውን ነው። ለቤቱ የወጣው ወጪ በእንግዳው የቆዳ ቀለም ወይም በአነጋገሩ አይለወጥም። ቅናሽ ማድረግ ይቻላል፤ ነገር ግን ለሁሉ በሚነገር ምክንያት ይሁን፤ ብዙ ለሚቀመጥ፥ አስቀድሞ ለከፈለ፥ ባዶ ሳምንት ለያዘ፥ ችግር ለደረሰበት። በፊት ገጽታ ዋጋ የሚሰጥ ባለቤት፥ ሁለቱ እንግዶች በቁርስ ጊዜ ተገናኝተው በተጨዋወቱ ቀን ያፍራል።

የውጭ ገንዘብም ነገር እንዲሁ ማስተዋል ይሻል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓመተ ምሕረት የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪው ተመን በገበያ እንዲወሰን ባደረገ ጊዜ፥ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በዚያው ቀን ወደ 75 ብር ገደማ ደረሰ፤ ከዚያም በኋላ መቶ ብር አለፈ። ዋጋውን በልቡ በ50 ዶላር መዝኖ ይኖር የነበረ ባለቤት፥ ትናንት 2,850 ብር ያለውን ሌሊት በማግሥቱ 3,750 ብር አለው። በሳሙናው ዋጋና በጽዳት ሠራተኛዋ ደመወዝ ላይ ግን በዚያ አንድ ሌሊት 900 ብር አልተጨመረም። በእርግጥ የዕቃ ዋጋ ቀስ በቀስ ወጥቷል፤ ስለዚህም ዋጋን በየሦስት ወሩ ከመዝገብ ጋር አስተያይቶ ማስተካከል ተገቢ ነው። የማይገባው ወጪው ሳይጨምር ዋጋውን መጨመርና፥ ዋጋው ከጨመረ በኋላም የሠራተኛዋን ደመወዝ እንደ ነበረ መተው ነው።

ስለ ተሸሸገ ዋጋ

ከከፍተኛ ዋጋ ይልቅ ሰውን የሚያስቆጣው የተሸሸገ ዋጋ ነው። ሌሊቱ 2,500 ብር ተብሎ የመጣ እንግዳ፥ በሚወጣበት ቀን ለጽዳት 800 ብር፥ ለሙቅ ውሃ 200 ብር፥ ለመኪና ማቆሚያ 300 ብር ሲባል የተታለለ ይመስለዋል፤ አሳቡም ትክክል ነው። ያው ሰው በመጀመሪያ 3,800 ብር ቢባል ኖሮ ወይ ደስ ብሎት ይገባ ነበር፥ ወይም በሰላም ወደ ሌላ ይሄድ ነበር። በአሜሪካ ይህ ነገር ቅሬታ ስላበዛ፥ ለአጭር ጊዜ የሚከራይ ማደሪያ የግድ የሚከፈለውን ክፍያ ሁሉ የያዘ ጠቅላላ ዋጋ በመጀመሪያ እንዲያሳይ የሚያዝዝ የመንግሥት ደንብ ከግንቦት 4 ቀን 2017 ዓመተ ምሕረት ጀምሮ ጸንቷል።

በእኛም ዘንድ የጽዳቱን ወጪ በሌሊቱ ዋጋ ውስጥ መጨመርና፥ መያዣ ገንዘብ የሚጠየቅ ከሆነ መጠኑንና የሚመለስበትን ቀን በጽሑፍ መስጠት ይበቃል። በተሰበረ አንድ ስኒ ምክንያት መያዣውን ሁሉ ማስቀረት ደግሞ ስርቆት ነው ቢባል አልተጋነነም። እንግዳው ሲገባ የሚቀርብለትን ቡና ግን በሒሳብ ዝርዝር ውስጥ እንዳታስገቡት እንመክራለን። አልጋው ይከራያል፤ ሰላምታው አይከራይም። የአገራችን ባሕል ከገበያው ጋር ሊታረቅ የሚችለው፥ የሚሸጠውንና የማይሸጠውን እንዲህ ለይተን ስናኖር ነው።

ስለ ጎረቤትና ስለ መንግሥት

በመጨረሻ፥ ትክክለኛ ዋጋ በባለቤቱና በእንግዳው መካከል ብቻ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ፈቃድ ሳያወጣና ግብር ሳይከፍል ቤቱን የሚያከራይ ሰው፥ ዋጋውን ዝቅ ቢያደርግ ለእንግዳው የቸረ ይመስላል፤ ነገር ግን ግብሩን በሐቅ የሚከፍለውን ጎረቤቱን ገበያ መውሰዱ ነው። በተለይ በመንግሥት ሥራ ላይ ያላችሁ አንባቢዎቻችን፥ ሕዝቡ ከደንቡ ጽሑፍ ይልቅ የእናንተን ደጅ እንደሚመለከት አትዘንጉ።

ሌላም ብርቱ ነገር አለ። የሌሊት ኪራይ እጅግ አትራፊ ሲሆን፥ ባለቤቶች የኖረ ተከራያቸውን አስወጥተው ቤቱን ለመንገደኛ ያደርጉታል፤ የከተማው ኗሪም ቤት ያጣል። ይህ በሌላው ዓለም የታየ ነው። አምስተርዳም ኗሪው ቤቱን በዓመት ከ30 ሌሊት በላይ ለመንገደኛ እንዳያከራይ ወስናለች፤ በለንደን ያለ ልዩ ፈቃድ ከ90 ሌሊት ማለፍ አይቻልም፤ ኒው ዮርክ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2023 ባለቤቶች ሁሉ እንዲመዘገቡ የሚያስገድደውን ሕግ ሥራ ላይ አውላለች፤ ባርሴሎናም በ2028 መጨረሻ የመንገደኛ ቤት ፈቃዶችን ሁሉ እንደምታስቀር በ2024 አስታውቃለች። በአገራችንም በ2016 ዓመተ ምሕረት የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ኗሪውን ተከራይ ለመጠበቅ የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል። ስለዚህ ትርፍ ክፍልን ወይም ባዶ የቀረን ቤት ለእንግዳ ማዘጋጀት የተመሰገነ ሲሆን፥ ልጆች ያሉትን ተከራይ ከቤቱ አፈናቅሎ የሚገኝ የሌሊት ዋጋ ግን ምንም ያህል በደረሰኝ ቢቀበሉት ትክክለኛ ሊባል አይችልም።

እንግዲህ ነገሩን ለማጠቃለል፤ ባለቤት ሆይ፥ ወጪህን ጻፍ፤ የሚሞላውን ሌሊት በእውነት ቊጠር፤ የጎረቤትህን ዋጋ ተመልከት እንጂ አትመኝ፤ የበዓሉን ዋጋ በልክ፥ የችግሩን ዋጋ በርኅራኄ ቁረጥ፤ ለሁሉም አንድ ቃል ተናገር፤ ጠቅላላውን በመጀመሪያ አሳውቅ፤ ለሠራተኛህና ለመንግሥት የሚገባውን ስጥ። አባቶቻችን ለእንግዳቸው በመደብ ላይ ያነጠፉለት አጎዛ ዋጋ ያልተጠየቀበት ነበር፤ እኛ ግን ዋጋ መጠየቅ ግድ የሆነበት ዘመን ላይ ስለ ደረስን፥ እንግዳው ሒሳቡን ከፍሎ ሲወጣም እንደ ቀድሞው መንገደኛ ቤቱን መርቆ የሚሄድበትን ዋጋ እንቁረጥ።